ዳዊት ያላየው ቤት

በዚህ ሳምንት ስለ ምኞት ላጫውታችሁ። ብዙ ዓመት ጸልየንበት በእኛ እጅ ሳይሆን በልጆቻችን እጅ ስለሚፈጸም ምኞት።

እኔ በልጅነቴ መምህር መሆን እመኝ ነበር። አባቴ ሲሞት ግን የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ታናናሾቼን ለማሳደግ ሥራ ገባሁ። በኋላ ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ እዚህም ኑሮው ፋታ አልሰጠኝም። ዘንድሮ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ማስተማር ጀመረች። እልል አልኩ። ከደስታው ጋር ግን ልቤን ቆንጠጥ ያደረገው ነገር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እኔንስ ለምን አለፍከኝ?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ይዤ የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ እንደገና አነበብኩ።

ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ፈለገ። ነቢዩ ናታንም መጀመሪያ ሐሳቡን ደግፎ ነበር። በዚያው ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣ፤ ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ልጁ ነው። ዳዊት ብዙ ጦርነት የተዋጋና ብዙ ደም ያፈሰሰ ሰው ስለነበር ይህ ሥራ አልተሰጠውም። ሆኖም በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 8 ሰሎሞን ሲናገር እግዚአብሔር የአባቱን ሐሳብ መልካም እንዳለው እናነባለን። ስለዚህ «አንተ አትሠራውም» ማለት «ምኞትህ መጥፎ ነው» ማለት አይደለም።

ዳዊት አላኮረፈም። ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠና ጸለየ። በኋላም ማዘጋጀት ጀመረ። 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22ን ብታነቡ ድንጋይ ጠራቢዎችን እንዳቆመ፣ የዝግባ እንጨት እንዳስመጣ፣ ለበሮቹ ሚስማር የሚሆን ብረት ሳይቀር እንዳዘጋጀ ታያላችሁ። የሕንጻውንም ንድፍ ለሰሎሞን ሰጠው። ቤቱ የቆመበት ቦታ እንኳ ዳዊት ከኢያቡሳዊው ኦርና የገዛው አውድማ ነው። ሰሎሞን ሥራውን የጀመረው በነገሠ በ4ኛው ዓመት ሲሆን፣ ለመጨረስ 7 ዓመት ፈጀበት። ያን ጊዜ ዳዊት በሕይወት አልነበረም።

እኔን የነካኝ ሚስማሩ ነው። ራስህ ለማትገባበት በር ሚስማር ማዘጋጀት እምነት ይጠይቃል። ልጁ ገና ወጣት እንደሆነና ሥራው ከባድ እንደሆነ ዳዊት ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ የታመነው በሰሎሞን ጉብዝና ሳይሆን በእግዚአብሔር ነው። እኔም የራሴን ሚስማሮች ቆጠርኩ፦ የሌሊት ፈረቃ፣ ትንሽ በትንሽ የተጠራቀመ ገንዘብ፣ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር የተነበበ መጽሐፍ። እግዚአብሔር አላለፈኝም፤ የማዘጋጀቱን ሥራ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር።

አሁን ለእናንተ፣ በውጭ አገር ላደጋችሁ ልጆች አንድ ነገር ልበል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የወላጅ ምኞት ግን ዕዳ አይደለም። ሰሎሞን አባቱ ስለፈለገ ብቻ አልሠራም፤ እግዚአብሔር መርጦታል። ጥበብንም ራሱ ለምኖ ተቀበለ። እናንተም የምትሠሩትን ቤት እግዚአብሔርን ጠይቁት። የእኔ ታናሹ ልጅ መምህር መሆን አይፈልግም፤ የሚወደው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ለእሱም ሚስማር አዘጋጅለታለሁ።

በዚህ ሳምንት እራት ላይ ወላጆቻችሁን «በእኔ ዕድሜ ሳላችሁ ምን ትመኙ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ወላጆችም ልጆቻችሁን «አንተስ? አንቺስ?» በሉ፤ ሳታቋርጡም አዳምጡ። ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ ሆይ፣ የዘራነውን ሌላው ሲያጭደው ደስ የሚለው ልብ ስጠን። አሜን።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።