የተኳሹ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከመንደር 8 የምጽፍላችሁ ስለ ውሃ ወረፋ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። ስለ ሰለሞን ተካ ነው። «የራሳችን መከራ መች አነሰንና ነው እስራኤል ድረስ የምትወስደን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሰኔ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት፣ ሐይፋ አጠገብ ባለችው ቂርያት ሐይም፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ይህ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ተኳሹ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረም። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሊዝናና የወጣ ፖሊስ ነው። የሰጠው ቃል ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጆች ሲጣሉ አየሁ፣ ልገላግል ገባሁ፣ ድንጋይ ወረወሩብኝ፣ ለሕይወቴ ሰጋሁ፣ ወደ መሬት ተኮስኩ።

እስቲ ይህን ቃል እንፈትሸው።

አንደኛ፣ ድንጋዩ። በቦታው የነበረ የዓይን ምስክር ፖሊሱ ሲተኩስ ጥቃት እየደረሰበት አልነበረም ብሎ ተናግሯል። የሰለሞን ጓደኞችም የፖሊሱን ቃል አልተቀበሉም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ለሕዝብ የተነገረው የተኳሹ ቃል ነበር።

ሁለተኛ፣ መሬቱ። እዚህ ላይ ሐቁን ሳልደብቅ ልናገር። የጥይት ምርመራው ጥይቱ መሬት መትቶ ነጥሮ ሰለሞንን እንዳገኘው አሳይቷል። ስለዚህ «ወደ መሬት ተኮስኩ» ያለው እውነት ነው እንበል። ታዲያ ይህ እውነት የቀረውን ቃሉን ይደግፋል ወይስ ያፈርሳል? ለማስጠንቀቅ የሚተኩስ ሰው ለማስጠንቀቅ የሚበቃ ጊዜና ርቀት አለው ማለት ነው። ያ ካለው ደግሞ ሞት አፍንጫው ሥር ደርሶ ነበር የሚለው ይላላል። «ሞቼ ነበር» እና «ማስፈራራቴ ነበር» ባንድ አፍ ሲነገሩ መጠየቅ አለባቸው። ጥይት ደረቅ መሬት ሲመታ እንደሚነጥር ደግሞ እዚህ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እንኳ ያውቃል። ለመሣሪያ የሠለጠነ ፖሊስ እንዴት አላወቀም?

ሦስተኛ፣ ክሱ። መንግሥት ራሱ ሰውየውን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ከሷል። ይህ ማለት ዐቃቤ ሕጉም «ራሴን ተከላከልኩ» የሚለውን ቃል እንዳለ አልዋጠውም ማለት ነው። ግን ቸልተኝነት ስንል የምንገልጸው ምንድን ነው? በረት ሳይዘጋ ያደረም ቸልተኛ ይባላል። የሰለሞን ቤተሰብ ከባድ ክስ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም።

የፖሊስ ቃል ሲገለበጥ ከዚህ በፊትም አይተናል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሆሎን ከተማ፣ የደንብ ልብሱን የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር፣ ዳማስ ፓካዳ፣ በፖሊስ ተደበደበ። የታሰረው ግን እሱ ነበር፣ ፖሊስ መታ ተብሎ። ቪዲዮው ሲወጣ ጠቡን የጀመረው ፖሊሱ ሆኖ ተገኘ። ካሜራ ባይኖር ዳማስ ወንጀለኛ ሆኖ በቀረ ነበር። እሱ ቢያንስ በሕይወት ስለነበረ «ውሸት ነው» ማለት ችሏል። ሰለሞን ግን ቃሉን አልሰጠም፣ አይሰጥምም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ከዚህ ከመንደር 8 በአውቶቡስ ወደ ዑም ራኩባ የተወሰዳችሁ ወገኖች፣ የምትተኙበት መሬት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው መጥተው የሰፈሩበት ነው። በረሃብና በበሽታ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። የተረፉት «አገራችን ገባን» ብለው ሄዱ። በዚያ አገር ያደጉ ልጆቻቸው ሰኔ 2011 አስፋልት ዘግተው የጮኹት «ልጃችን ለምን ሞተ?» ብለው ነው። እኛም ነገ ከዚህ ተነሥተን የምንደርስበት አገር ፖሊስ አለው፣ መሣሪያም አለው።

ከዚህም በላይ፣ ብዙዎቻችን ድንበር ያቋረጥነው ጥይት አይተን ነው። የተኮሰው አካል የራሱን ታሪክ ጽፎ ጨርሷል፣ ማኅተምም መትቶበታል። የእኛስ? ስለዚህ ያየ ሰው፣ ከየትም ወገን ይሁን፣ ያየውን ብቻ ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር። የሰማውን ካየው ይለይ። ማጋነን ለተኳሹ ጠበቃ መሆን ነው። ስልክ የሌለው በደብተር ይጻፍ፣ መጻፍ የማይችል ለሚችል ይንገር።

ፍትሕ ለሰለሞን ተካ! ሼር አድርጉት።