በረኛ የገዛው ጎል አግቢ

«ጥሩ አጥቂ ጥሩ አሰልጣኝ አይወጣውም» የሚል ክርክር ኳስ በሚወራበት ሁሉ አይጠፋም። ማስረጃም አያጣም። አለን ሺረር በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ኒውካስልን ለስምንት ጨዋታ ይዞ አምስት ነጥብ ብቻ አገኘ፤ ቡድኑም ወረደ። ቴሪ ኦንሪም ሞናኮ ላይ በ2018 መጨረሻ ገብቶ በ2019 መጀመሪያ ተሰናበተ። እኛ ግን ጥፋቱ የአጥቂነት ሳይሆን የአሿሿም ነው እንላለን። ምስክራችን ብራያን ክላፍ ነው።

በአሰልጣኝነቱ ብቻ የምታውቁት ካላችሁ፣ ሰውየው ለሚድልስብሮ በ213 የሊግ ጨዋታ 197 ጎል፣ ለሰንደርላንድ ደግሞ በ61 ጨዋታ 54 ጎል አግብቷል። እርግጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነው። ለእንግሊዝም ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰልፎ አላገባም። በ1962 በገናቸው ማግስት ከበሪ ጋር ሲጫወቱ ከበረኛው ጋር ተጋጨና የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ጫማውን የሰቀለው ገና በ29 ዓመቱ ነው።

በ1965 ሥራ የሰጠው ትልቅ ክለብ አልነበረም። ሃርትልፑልስ የተባለ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ የሚዳክር፣ ገንዘብ የሌለው ክለብ ነው። ክላፍ የቡድኑን አውቶቡስ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ እስከማውጣት ደርሷል! ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት 18ኛ፣ በሁለተኛው 8ኛ ሆነ። ከዚያ ደርቢን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አውጥቶ በ1972 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገው።

ለእኛ ዋናው ነገር ግን ምክትል አድርጎ የያዘው ሰው ነው። ፒተር ቴይለር በሚድልስብሮ አብሮት የተጫወተ በረኛ ነበር። ዕድሜውን በረኛ ሲያሸንፍ የኖረ አጥቂ፣ ተጫዋች እንዲመርጥለት ያመነው በረኛን ነው። በ1977 ኖቲንግሃም ፎረስት ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን እንዳደገ ለፒተር ሺልተን 270 ሺህ ፓውንድ ከፈሉ። ለበረኛ ይህን ያህል ይከፈላል ወይ ያለው ብዙ ነው። ፎረስት በ42 ጨዋታ 24 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት ሻምፒዮን ሆነ። በ1979 ማልሞን፣ በ1980 ሃምቡርግን አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ወሰደ። ሁለቱም ፍጻሜ 1 ለ 0! አንድ ጎል ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከአግቢው በላይ ማን ያውቃል?

ሊድስስ? ትሉን ይሆናል። በ1974 ክላፍ የተዘጋጀ ሻምፒዮን ቡድን ተረከበ፤ ያውም ቀድሞ በአደባባይ ሲያብጠለጥለው የኖረውን፣ ያውም ያለ ቴይለር። 44 ቀን ብቻ ቆየ። ይህ ክርክራችንን ያጠናክርልናል እንጂ አያፈርስም። ከላይ ሲጀምር እሱም ወደቀ።

ጻድቅ ነበር አንልም። በ1983 በአንድ ተጫዋች ዝውውር ሰበብ ከቴይለር ጋር ተኳረፉ፤ ቴይለር በ1990 ሲሞት አልታረቁም ነበር። ቴይለር ከሄደ በኋላ ክላፍ የሊግ ሻምፒዮንነትም የአውሮፓ ዋንጫም አላየም፤ በ1993 ፎረስትን ይዞ ወርዶ ሥራውን ለቀቀ።

ሺረር ከነዚያ ስምንት ጨዋታዎች ወዲህ ክለብ አልያዘም። ሁለት ዓመት የሚታገሰው ትንሽ ክለብ ቀድሞ አግኝቶ ቢሆን ብናየው ደስ ባለን።