እትብት ላይ የሚወጣ እጢ

አገሩ የናፈቀው ሰው «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። በአንደበታችን ይህን ያህል የሚዘወተረው እትብት በማሕፀን ውስጥ ሳለ ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዛሬው አምዳችን የምናነሣው እትብት ላይ አልፎ አልፎ ስለሚበቅል እጢ ነው። የሚያጋጥመው እጅግ ጥቂት እናቶችን ነው። ያጋጠማት እናት ግን ከምርመራ ክፍል «እጢ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛ ከወጣች ሌሊቱን ስትጨነቅ ማደሯ አይቀርም።

እትብት ጽንሱን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ሲሆን፣ በመውለጃ ጊዜ ርዝመቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። በውስጡ ሦስት የደም ሥሮች አሉ። አንደኛው ምግብና ኦክሲጅን ያዘለ ደም ወደ ሕፃኑ ያደርሳል፤ ሁለቱ ደግሞ ሕፃኑ የተጠቀመበትን ደም ወደ እንግዴ ልጁ ይመልሳሉ። ሥሮቹ እንዳይጨመቁ ዙሪያቸውን ዝልግልግ ነገር ከቧቸዋል።

ከእትብት እጢዎች መካከል በይበልጥ የሚታወቀው ሐኪሞች ሄማንጂዮማ የሚሉት ነው። ይኸውም ደቃቅ የደም ሥሮች ያለ ልክ በዝተው የፈጠሩት እብጠት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እትብቱ ከእንግዴ ልጁ ጋር በሚጋጠምበት በኩል ነው። መጠኑ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ተነሥቶ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቴራቶማ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከዚህም ያነሰ ነው የሚታየው። ሁለቱም ነቀርሳ አይደሉም፤ ወደ እናቲቱም ሰውነት አይዛመቱም።

ታዲያ ነቀርሳ ካልሆነ ለምን ያሳስባል? የሚያሳስበው የተቀመጠበት ቦታ ነው። እጢው ካደገ ሥሮቹን ተጭኖ ደሙን ሊያጠብ ወይም ሥሮቹ እንዲጠመዘዙ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሕፃኑ ዕድገት ሊዘገይ፣ ልቡ ሊደክምና ሰውነቱ ውሃ ሊቋጥር፣ አንዳንዴም በማሕፀን ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ትናንሾቹ እጢዎች ምንም ጉዳት ሳያደርሱ ቆይተው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብቻ የሚታዩበት ጊዜ አለ።

እትብት ላይ የታየ እብጠት ሁሉ ደግሞ እጢ አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢትም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታየው ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የዘለቀው ግን በጽንሱ ላይ ሌላ ጉድለት እንዳለ ሊጠቁም ስለሚችል ሰፋ ያለ ምርመራ ይፈልጋል።

እጢው በእርግዝና ጊዜ የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። እጢ ከተገኘ ሐኪሙ የደሙን አወራረድ፣ የሕፃኑን ዕድገትና የሽርት ውሃውን መጠን በየጊዜው ይከታተላል፤ የመውለጃው ጊዜና ሁኔታም የሚወሰነው በዚሁ ነው። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከወትሮው ቢቀንስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የጎረቤት ምክር ሲሰሙ መዋል በዚህ ሰዓት አይጠቅምም።

«ከባድ ነገር አንሥቼ ይሆን? እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ይሆን?» የምትል እናት ልትኖር ትችላለች። እጢው እናቲቱ በሠራችው ወይም በበላችው ነገር የሚመጣ አይደለም። ባልም አማትም ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ተደጋጋሚ ክትትል የሥራ ሰዓት እንደሚሻማ ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል። አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ወረቀቱን ሳይቀበሉ ከጤና ተቋሙ አለመውጣት ነው።