የቀለሜዎች ጨዋታ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ

እኛ ትምህርት ቤት ቀለሜ የምንለውን ተማሪ አሜሪካኖች ነርድ ይሉታል። የእነሱ ነርድ ግን ከደብተሩ ሌላ አንድ የሚያብድለት ነገር አያጣም። ወይ የኮሚክ መጽሔት ያሳድዳል፣ ወይ ኮምፒዩተር ይፈታታል፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ምድር ቤት ተሰብስቦ ዳይስ እየጣለ በምናቡ ዘንዶ ሲገድል ያድራል። ይህ ሰው ለብዙ ዘመን የክፍል ጓደኞቹ መሳቂያ ነበር። ዛሬ ሆሊውድም ዎል ስትሪትም ደጅ የሚጠኑት እሱን ነው። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ገበያ ለቀለሜው ምን ተረፈው?

ነገሩን የሁለት ጨዋታዎች ታሪክ በደንብ ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ተረቱ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው በ1993 የወጣውና የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው ማጂክ የተባለ የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታው በእሽግ ፓኮ ይሸጣል፤ ገዢው ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ምን እንደደረሰው አያውቅም። ሎተሪም ነው፣ ቼዝም ነው ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ የማይፈልገውን ከሌላው ጋር ስለሚለዋወጥ ጨዋታውና ገበያው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ተወለዱ።

ማጂክን ያወጣው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ1997፣ በዕዳ ይሰምጥ የነበረውን የደንጀንስ ባለቤት ቲኤስአርን ጠቀለለ። በ1999 ደግሞ የመጫወቻ አምራቹ ሃዝብሮ ዊዛርድስን ራሱን በ325 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚያ ወዲህ የቀለሜዎቹ ጠረጴዛ የባለአክሲዮኖች ንብረት ሆነ።

ድሮ ቀረ ብለው የሚያለቅሱ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አላለቅስም። ያ የድሮው ጠረጴዛ በር ጠባቂ ነበረው። አዲስ መጤ፣ በተለይም ሴት ከሆነች፣ በጥያቄ ትፋጠጥ ነበር። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ነገር ግን የመግቢያው ዋጋም አብሮ ተለወጠ። ቀድሞ የሚከፈለው ጊዜ ነበር፤ ደንቡን የሸመደደ፣ ታግሦም ሌላውን ያስተማረ ይከበር ነበር። አሁን ኪሱ የከበደ ይቀድማል።

ብላክ ሎተስ የተባለችውን ካርታ እንውሰድ። በ1993 ከጥቂት ዶላር በማይበልጥ ፓኮ ውስጥ ዕድለኛ የሚያገኛት ነበረች። በ2021 አንዷ በ511,100 ዶላር ተሸጠች። በዚህች ካርታ ማን ይጫወትባታል? በፕላስቲክ ታሽጋ ትቀመጣለች እንጂ። ኩባንያው ይህን የገዢዎቹን ጠባይ ቀድሞም ያውቀዋል። በ1995 ብርቅ የነበሩ ካርታዎችን እንደገና አትሞ ዋጋቸውን ቢጥል ሰብሳቢዎቹ ጮኹበት፤ በ1996 እነዚህንና እነዚህን ዳግም አላትምም ብሎ ቃል ገባ። ካርታ አታሚ እንደ ብሔራዊ ባንክ ስለ ኅትመት መጠን ቃል መግባት ሲጀምር ነገሩ ከጨዋታ ማለፉን ማወቅ ነበረብን።

በ2022 ደግሞ 30ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ብላክ ሎተስን ጨምሮ የድሮዎቹን አተመ። ጀርባቸው የተለየ፣ በይፋ ውድድር የማይፈቀዱ ካርታዎች ናቸው። አራት ፓኮ፣ 60 ካርታ፣ 999 ዶላር! በዚያው ዓመት ኖቬምበር ባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ ሃዝብሮ ካርታ አብዝቶ በማተም የማጂክን ዋጋ እየጎዳ ነው ብሎ የአክሲዮኑን ደረጃ ዝቅ አደረገ፤ አክሲዮኑም በዕለቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ቀለሜዎቹ ለዓመታት ያጉረመረሙበትን ነገር ባንክ ሲናገረው ሰሚ አገኘ።

ኩባንያው መልስ የለውም ማለት አይደለም። ማጂክ በዚያው በ2022 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2025 ፋይናል ፋንታሲ በተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ስም የወጡት ካርታዎች በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ዶላር መሸጣቸውን የሃዝብሮ ሥራ አስኪያጅ ተናግረዋል። ይህን ቁጥር እያየ የንግድ ስሌቱ ተሳስቷል የሚል ሰው ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የማያሳየው ወገን ነው። ደንጀንስ ያለ ተራኪ አይንቀሳቀስም። ተራኪው ሲጫወቱ ለሰዓታት ያለ ደመወዝ ይሠራል፤ አዳዲሶቹን ያስተምራል፣ መጽሐፍም ያስገዛል። በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም። ዊዛርድስ በ2000 ይህ ገብቶት ነበር። ማንም ሰው በደንቡ ላይ ተመሥርቶ የራሱን መጽሐፍ እንዲሸጥ ክፍት ፈቃድ ሰጠ፤ ብዙ ትናንሽ አሳታሚዎችም በዚያ እንጀራቸውን አገኙ። በዲሴምበር 2022 ግን ኃላፊዎቹ ከደንጀንስ የሚሰበሰበው ገንዘብ ገና በቂ አይደለም ብለው ለባለሀብቶች ተናገሩ። በጃንዋሪ 2023 አዲስ የፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፤ በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ አሳታሚ ከዚያ በላይ ከሚሸጠው እስከ 25 በመቶ እንዲከፍል የሚጠይቅ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ተጫዋቾቹ የኩባንያውን የኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኝነታቸውን በብዛት ሰረዙ፤ ያን አገልግሎት ሃዝብሮ ገና በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ነበር። ተቀናቃኙ ፓይዞ ለስምንት ወር ያዘጋጀውን የመጽሐፍ ክምችት በሁለት ሳምንት ሸጦ መጨረሱን አስታወቀ። ጩኸት ብቻውን ይህን አያደርግም። የገዛው የንግድ ምልክት ያለ ተራኪዎቹ ባዶ ወረቀት መሆኑን ሃዝብሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተረዳ።

ጃንዋሪ 27 ቀን 2023 እጁን ሰጠ። መሠረታዊ ደንቡን ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው የማይሻር ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀ፤ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ያንን መልሶ ሊሰበስበው አይችልም። ነገ አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ደንቡን በአማርኛ ተርጉሞ ለገበያ ቢያወጣ፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ከማንም ፈቃድ መለመን አያስፈልገውም።