የጣሪያ ቴፕ የመኪና በር ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ግንቦት ቪትዝ ይዞ ታክሲ የሚሠራ አንድ ደንበኛችን ድሬዳዋ ሱቃችን ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ፣ "እትዬ፣ እስቲ ኑና አሽትቱልኝ" አለን። በሩን ስንከፍት ሽታው አፈነን። አዲስ አስፋልት የሚነጠፍበት መንገድ ዳር የቆምን ነው የመሰለን። የገዛው ከእኛ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት "የድምፅ ማፈኛ ነው" ብለን የሸጥንለት ጥቅል። የበሩን የውስጥ ሽፋን ሲያስፈታው ቴፑ ከላሜራው ተላቆ፣ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ መስታወቱ የሚወርድበት ላይ ተለጥፎ ተገኘ። መስታወቱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። "ልጆቼንም ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚሁ መኪና ነው" ብሎ ዝም አለ። ቢጮህብን ይሻለን ነበር።

ገንዘቡን መለስንለት፤ ማስፈቻና ማስጸጃውንም እኛው ቻልነው። ዕቃውን ያመጣልን ሰው "የመኪና ነው" ብሎን ነበር፤ ፊቱም እንደ መኪናው ዕቃ አልሙኒየም ነው። ለካስ የሚያፈስ ጣሪያ የሚደፈንበት የሬንጅ ቴፕ ኖሯል። አላሸተትነውም፣ ፀሐይ ላይም አላስቀመጥነውም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ነገር ግን ከናይሮቢም ከዱባይም ዕቃ የምታመጡ ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጥቅል መደርደሪያችሁ ላይ እንደያዛችሁ እናውቃለንና ነገሩን በግልጽ እናውራው።

በቅድሚያ ዕቃው ለምን እንደሚፈለግ። የቤት ስፒከር የእንጨት ሳጥን አለው። የመኪና ስፒከር ሳጥኑ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ላሜራ ነው። ስፒከሩ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ በበሩ የውስጥ ላሜራ ላይ ባሉት ትልልቅ ቀዳዳዎች በኩል ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቤዙ ነው። በዚያ ላይ የውጭው ላሜራ ራሱ እንደ ከበሮ ይርገበገባል። እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው፤ የሚርገበገበውን ላሜራ ማስከን፣ ቀዳዳዎቹን መድፈን። ብዙ ወጣቶች መጥተው የሚጠይቁን ትልቅ ስፒከርና አምፕሊፋየር ነው። በዚያው በር ላይ ጉልበት ሲጨመር ጉልበቱን የሚያገኘው ጩኸቱም ጭምር ነው። ናይሮቢ ማታቱ የተሳፈረ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ ዘፈኑን እየሰማ ነው ወይስ የቆርቆሮውን ጩኸት፣ አንዳንዴ መለየት ያቅታል። እኛን ብትጠይቁን፣ ገንዘብ አንሶ ከሁለቱ አንዱ የሚመረጥ ከሆነ ከስፒከሩ በፊት በሩ ይሠራ እንላለን። በፋብሪካው ስፒከር እንኳ ልዩነቱ ይሰማል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቡታይል የሚባለው የጎማ ዓይነት ነው፤ ፊቱ አልሙኒየም፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ገደማ። ላሜራው ሊርገበገብ ሲል ጎማው በላሜራውና በአልሙኒየሙ መካከል እየተለጠጠ ንቅናቄውን ወደ ጥቂት ሙቀት ይለውጠዋል። የሬንጅ ቴፕም ሲለጠፍ ሰሞን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ችግሩ ሙቀት ላይ ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ ነው። ጅቡቲ በክረምት ጥላው ራሱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠቆር ያለ መኪና ላሜራማ እጅ አያስነካም። እዚያ ላይ ሬንጅ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይወርዳል። የመኪና ፋብሪካዎችም ሬንጅ ይጠቀማሉ ብሎ የሚከራከረን ሰው አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ወለል ላይ ተኝቶ፣ በምድጃ ሙቀት ተጋግሮ ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የጣት ያህል ቁረጡና አሽትቱ፤ ሬንጅ ራሱን ይናገራል። በጠዋት ብርድ እጠፉት፤ ሬንጁ ግትር ይላል ወይም ይሰነጠቃል፣ ቡታይሉ ይታጠፋል። ሳብ አድርጉት፤ ቡታይል እንደ ማስቲካ ይሳባል። ከዚያ በቆመ ላሜራ ላይ ለጥፋችሁ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተዉት። የተንሸራተተውንና ጣት የሚያጠቁረውን ለጣሪያ ሽጡት፤ ለጣሪያ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ስሙን ይዞ ይሸጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙዎቻችሁን ላያስደስት ይችላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ እየሸጥን ነው። ላሜራን ለማስከን መላውን መሸፈን አያስፈልግም። ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነውን፣ በተለይ የሰፊውን ላሜራ መሐል፣ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውንም ጨምሮ መለጠፍ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ቡታይል 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሙሉ ካርቶን የገዛ ሰው ለእኛ ትርፍ፣ ለበሩ ማጠፊያ ሸክም ነው የገዛው። ቀዳዳዎቹን መድፈን ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ በሙሉ መደፈን አለበት። አብዛኛው መኪና ላይ ዋናዎቹ ስፒከሮች የፊት በሮች ላይ ስለሆኑ መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ሠርቶ መስማት ነው። ለዚያ ልጅ አራቱንም በር ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነበር የሸጥንለት። ያኔ እንደ ጥሩ ገበያ ነው የቆጠርነው።

አለጣጠፉም ባለሙያውን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ነውና። ላሜራው በአልኮል ተጠርጎ ቅባትና አቧራው ይልቀቅ፣ ቡታይሉም በትንሽ ሮለር ተደምድሞ ይጫን። ከሁሉ በላይ ከበሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ። በዝናብ ጊዜ ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ሁልጊዜ ወደ በሩ ይገባል፤ መውጫ ካጣ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። የውስጡ ፕላስቲክም ከተነሳ በቦታው ይመለስ ወይም በሌላ ይተካ፤ አለዚያ ውሃው ወደ ወንበሩ ነው የሚመጣው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ገበያ የሚሰፋ ይመስለናል። አሮጌዎቹን ቪትዝና ኮሮላ ሰው ይዞ ይቆያል፣ ያሳምራቸዋልም። በኤሌክትሪኩ መኪና ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ዝም ስለሚል የጎማና የበር ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። እነዚህ አዳዲሶቹ መኪኖች በር ውስጥ አንዳንዴ የኤርባግ ሴንሰር አለና ዝም ብሎ መለጠፍ እንዳይኖር፤ የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል።

"እኛ ብንተወው ጎረቤት ይሸጠዋል" የሚለውን እኛም ስንለው የኖርን ነን። ጎረቤት ይሸጠው ይሆናል። ግን የቴፑ ዋጋ ዝቅ ያለው ሥራው የማይሠራ ስለሆነ ነው፤ ደንበኛው ዝቅ ያለውን የሚመርጠው ልዩነቱን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ስንነግራቸው ከአሥር አሥሩ ቡታይል ይገዛሉ አንልም። አንዳንዱ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ለሁለት በር ብቻ ገዝቶ ቀሪውን በሚቀጥለው ወር ይመጣል።

አሁን ሱቃችን ደጅ ላይ አንድ የተጣለ የኮሮላ በር አቁመናል። በአንድ ወገን ቡታይል፣ በሌላው የጣሪያ ቴፕ ለጥፈንበታል። የሚጠይቀንን ሰው ወጥተህ በጣትህ ንካው እንለዋለን። ያ ልጅም ባለፈው ሳምንት መጥቶ አንኳኳውና ሳቀ፤ ከዚያ ለፊት በሮቹ የሚሆን ገዛ።