ብሬከሩ ምን አጠፋ?

ምጣድ በተጣደ ቁጥር ብሬከር የሚወርድበት ቤት ብዙ ነው። የሚወሰደው እርምጃም ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም፦ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፣ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይነቀላል፣ በቦታው ባለ 32 ይገባል። ቆየት ባሉት ቤቶች ደግሞ የተቃጠለው ፊውዝ በሽቦ ይቀጠላል። ከዚያ ወዲያ መብራት አይጠፋም፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ባለሙያውም ተመስግኖ ይሸኛል። ዕቃው ቶሎ ሥራ ከጀመረ ተጠገነ የምንልበት ይህ ሚዛን ግን የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠገነ ነገር የለምና። ችግር መኖሩን ይናገር የነበረው ዕቃ አፉን ተይዟል፤ ችግሩ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ምድጃ ወይም ካውያ ሲጨመርበት ባለ 16ቱ ብሬከር መውረዱ ሥራው ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይራመድም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሽቦው ሳይቀየር ከ16 ወደ 32 መሸጋገር ያው ሽቦ አራት እጥፍ እንዲግል መፍቀድ ነው። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ የሚሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ነው፤ ከዚያ ባለፈ ቁጥር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መዳቡ ይራቆታል። አንዳንዴም ጥፋቱ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። የብሬከሩ ማሰሪያ ብሎን ሲላላ መገናኛው ይግላል፣ ሙቀቱም ብሬከሩን ያለ ትርፍ ጭነት ያወርደዋል። ቆጣሪው ተዘግቶ በካቻቢቴ አንድ ጊዜ ቢጠብቅ የሚያልቀው ጉዳይ በትልቅ ብሬከር ተሸፍኖ ይቀራል።

ፋብሪካዎች ይህን ትምህርት በቆመ ማሽንና በተቃጠለ ሞተር ዋጋ ተምረውታል። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ የምርት ሥርዓታቸውን ሲያስረዱ ያነሡት ምሳሌ ራሱ የሚጀምረው ከተቃጠለ ፊውዝ ነው። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ስለተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት ስላላገኘ። ዘይቱ ለምን አልደረሰም? ፓምፑ በደንብ ስለማይስብ። ፓምፑስ? ዘንጉ ስለተበላ። ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገብቶበት። በመጀመሪያው መልስ ላይ የቆመ ሰው ፊውዝ ቀይሮ ይሄዳል፣ ፊውዙም ተመልሶ ይቃጠላል። እስከ አምስተኛው የዘለቀ ግን ማጣሪያ ይገጥማል። ኢትዮጵያ የካይዘን (የጃፓኑ ተከታታይ የማሻሻያ ስልት) ኢንስቲትዩት ካቋቋመችበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥራ ቦታን ሥርዓት የሚያስይዙት የካይዘን «አምስቱ ማዎች» በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፈዋል። እነዚህ «አምስቱ ለምኖች» ግን የፋብሪካውን አጥር ዘለው ወደ መኖሪያ ቤት የገቡ አይመስልም።

ብሬከርም ያረጃል፣ ያለ ምክንያትም ይወርዳል የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፤ ያረጀ ብሬከር ግን የሚተካው በልኩ እንጂ በእጥፉ አይደለም። አምፔሩን ማሳደግ የሚቻለው ሽቦውም አብሮ ሲወፍር ብቻ ነው። ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ አዲስ መስመር መዘርጋት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ተከራይ የሰው ግድግዳ አይፈነቅልም፣ እንጀራውም ዛሬ መጋገር አለበት። ይሁንና ገንዘብ ለሌለው የሚመከር ነገር ካለ ባለ 32ቱ ብሬከር ሳይሆን ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ምድጃውን ማጥፋት ነው፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። «ስንት ዓመት ሲሠራ ምን ሆነ?» የሚለው ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ልባስ የሚበላሸው በአንድ ቀን አይደለም፤ ምንም ያልሆነባቸው ዓመታት የተቆጠሩት እሱ ሲደርቅ ነው።

ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም። ለተቀየረ ዕቃ እንከፍላለን፤ ምርመራ ላይ ለጠፋ ግማሽ ሰዓት ግን መክፈል ገንዘብ መጣል ይመስለናል። እንዲህ ባለ ገበያ፣ መንስኤ ፈላጊው ዘገምተኛና ውድ ተብሎ ሥራ ያጣል፤ ብሬከሩን አልፎ ዳይሬክት የሚያደርገው ደንበኛ ያፈራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ቅጠሉን የሚይዘው ማን እንደሆነ አይነግረንም። በዚህ ጉዳይ የያዘው ብሬከሩ ነው፤ «አስቸገረን» ብለን የምናስነቅለውም እሱኑ ነው። ባለሙያ በር ላይ ሲደርስ «ቶሎ አብራልን» ከማለት በፊት «ለምን ወረደ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለመልሱም መክፈል፣ ጥገና የሚባለው ከዚያ ይጀምራል።