ካርቱም ስትታነጽ ግድግዳዋ በሙቀትም ይለካ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ካርቱም የሐሩር ከተማ መሆኗን ሄዶ ያላያትም ያውቃል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት በከተማይቱ ውስጥ ብዙ መኖሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች ፈርሰዋል፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ክፉኛ ተጎድቷል። የሱዳን ጦር ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ከተሰደደው ሕዝብ ከፊሉ ወደ ቀዬው መመለስ ጀምሯል። የተመለሰው ሕዝብ ቤት ያስፈልገዋል። ቤት በሚሠራበት ጊዜ ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ይኸውም ጡቡ፣ ብሎኬቱና የጣራው ክዳን ሸክም ለመቻላቸው ብቻ ሳይሆን፣ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያስተላልፉና እንደሚይዙም ተለክተው መታወቅ ያለባቸው መሆኑ ነው።

የመብራት ኃይል በማይቆራረጥበት አገር ግድግዳው ያበላሸውን ማቀዝቀዣ መኪና ያቃናው ይሆናል። መብራት በጠፋበት ከተማ ግን ሰውን ከሐሩር የሚከላከለው ግድግዳውና ጣራው ብቻ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ የቆርቆሮ ጣራ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሚያድር ወታደር፣ የሚታከም በሽተኛና የሚማር ሕፃን የዚህን ትርጉም ያውቁታል። ብዙ መድኃኒቶችም ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ የተወሰነላቸው ናቸው። የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሳይለካ የተሠራ እንደሆነ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ኃይሉን ያጣል።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ አለ እንበል፤ የውጭ ገጹም ከውስጥ ገጹ በ10 ዲግሪ ይሞቃል። ግድግዳው የሙቀት አስተላላፊነቱ 1 ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ የሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 50 ዋት ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል። አስተላላፊነቱ 0.2 በሆነ፣ በውስጡ አየር በያዘ ቀላል ብሎኬት የተሠራ ቢሆን ግን የሚገባው 10 ዋት ብቻ ነው። ግድግዳው 30 ካሬ ሜትር ቢሆን የመጀመሪያው 1,500 ዋት፣ ሁለተኛው 300 ዋት ያስገባል። አንድ ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት 100 ዋት ያህል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከዐሥራ አምስት ሰዎች ጋር ተጨናንቆ እንደተቀመጠ ያህል ነው። ሁለቱ ብሎኬቶች በዓይን ሲታዩ ይህን ያህል ልዩነት ያላቸው አይመስሉም፤ ልዩነቱን የሚገልጸው ልኬት ነው።

የሚለካበት ዘዴም የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ናሙናው ግድግዳ በአንድ ሙቅና በአንድ ቀዝቃዛ ሣጥን መካከል ይቆማል። ሙቀት ወደ ጎን እንዳያመልጥ ሙቁ ሣጥን በእኩል ሙቀት በሚጠበቅ ሌላ ሣጥን ይከበባል። ከዚያም የሁለቱ ወገን ሙቀት እስኪረጋ ተጠብቆ፣ ሙቁን ሣጥን በነበረበት ለማቆየት የወጣው ኤሌክትሪክ ይለካል። በግድግዳው ያለፈው ሙቀት ይኸው ነው። በዚሁ የሣጥን ዘዴ ኢ. ኤ. አዳም የተባሉት ተመራማሪ ከፒ. ጄ. ጆንስ ጋር ሆነው የተጠቀጠቀ የአፈር ጡብን የሙቀት ጠባይ መርምረው ውጤቱን በ1987 ዓ.ም. አሳትመዋል። ዩኔስኮ በ1993 ዓ.ም. ስለ ሱዳን የአፈር ጡብ ባሳተመው የአዳም ጽሑፍ ውስጥም በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በዚህ ጡብ የተሠራው የሙከራ ትምህርት ቤት ተገልጿል። ስለሆነም ካርቱም በዚህ ረገድ ከባዶ የምትነሣ ከተማ አይደለችም።

የቀድሞው የካርቱም ነዋሪ በወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ማለት በጃሉስ፣ ቤቱን ሲሠራ ያለ ዕውቀት አልነበረም። የቀትሩ ሙቀት ወፍራሙን ጭቃ ዘልቆ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ግድግዳው የያዘውን ሙቀት በሌሊት በሚተፋበት ጊዜ ባለቤቱ አልጋውን አውጥቶ በግቢው ውስጥ ይተኛል። ሌሊት በሽተኞች በውስጡ ለሚያድሩበት ሆስፒታል ግን ይኸው ግድግዳ ላይስማማ ይችላል። በመሆኑም አስተላላፊነቱን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ሙቀት የመያዝ ችሎታውም አብሮ መለካት አለበት።

«ሕዝቡ ሜዳ ላይ ወድቆ ስለ ላቦራቶሪ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። መጠለያ አጣዳፊ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ድንኳን በዓመቱ ይነሣል፤ በችኮላ የቆመ ግድግዳ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። እያንዳንዱ ጎጆ ሠሪ ሣጥን ይግዛ አላልንም። ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለጦር ሰፈር በሚወጣ ጨረታ ላይ ግን የሙቀት ልኬት ውጤት ከጥንካሬው ጋር እንዲቀርብ ሥራ ተቋራጩን ማስገደድ ይቻላል።

አንድ ጊዜ ጥሩ ናሙና አስለክቶ ከዚያ በኋላ ሌላ ዕቃ ማቅረብ የታወቀ ተንኮል ስለሆነ ቁጥጥሩ በየጭነቱ መቀጠል አለበት። ለዚህ ሚዛንና ሜትር ይበቃሉ። ከአንድ ዓይነት ጥሬ ዕቃ የተሠራ ጡብ ክብደቱ ለመጠኑ ከናሙናው ከበለጠ፣ አየሩ አንሷል፣ አስተላላፊነቱም ጨምሯል ማለት ነው። ጡቡ ደርቆ መመዘን ይገባዋል፤ ውኃ የጠጣ ጡብ ከደረቁ ይበልጥ ሙቀት ያስተላልፋልና።

ይህ ጉዳይ የጎረቤት ብቻ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። በመተማና በሑመራ ያለው ሐሩር ከካርቱም የሚርቅ አይደለም፤ በዚያም ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይሠራል። አናጢዎቻችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ለእንጨት የተባለው ለጡብም ይሠራል። የሚረከበው መሥሪያ ቤትም ሆነ ቤት የሚሠራው ከተሜ ከመፈረሙ በፊት የልኬቱን ወረቀት ይጠይቅ።